የሻምበል ዜኖን ጎማና ጥቁሩ ሾርባ

ሻምበል ዜኖን ቱሬክ ሰማይ ላይ ማንንም አይፈራም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አራት የጀርመን አውሮፕላን ጥሏል፤ አምስተኛውን ከሌላ አብራሪ ጋር ስለጣለው ግማሹ ብቻ በስሙ ተመዝግቦለታል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረው የለም፤ እሱ ግን የፊቱ ነው ይላል። ምድር ላይ ሲሆን ሰውየው ሌላ ነው። ምድር ላይ በር ይፈራል። በተለይ አንድ በር፤ ከሚኖርበት የስደተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ጀርባ ያለውን፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን የወይዘሮ፣ በአገራቸው አጠራር የፓኒ፣ ሌኦካዲያን በር።

ማንኛውም በር ፊት ሲደርስ ቆም ይላል፤ ካፖርቱን ወደ ታች ይጎትታል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎማ ወርዷል» ይላል። የሚያንኳኳው ከዚህ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይላል። ፀጉር ቤት ሲገባ ይላል። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳ ይላል፤ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሰምቶ «ምኑ ነው የወረደው?» ብሎ በድንጋጤ ሱሪውን ሳይታጠቅ የወጣበት ጊዜ አለ። የካምፑ ሰው «ጦርነቱ ስንቱን አበላሸው!» እያለ ከንፈሩን ይመጥለታል። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ሰውየው ጤነኛ ነው። አንድ ቀን የሠራት ጥፋት ናት እንዲህ ያደረገችው።

ዜኖን በአገሩ በፖላንድ መብረር የተማረበት አውሮፕላን ጎማው እንደ ዶሮ እግር ሁልጊዜ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነበር። አይታጠፍም፤ አይዘረጋም። አብራሪው ስለ ጎማ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ መቀመጫዬን ይዤ መጥቻለሁ ወይ ብሎ አያስብም። አገሩ ተወርራ፣ እሱም በሩማንያና በፈረንሳይ ዞሮ እንግሊዝ አገር ሲደርስ፣ እንግሊዞቹ የሰጡት አውሮፕላን ጎማውን ሆዱ ውስጥ የሚከት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ነዳጅ መስጫው ተገላቢጦሽ ነው። ዜኖን የለመደው ለመፍጠን ወደ ራሱ መሳብ ነበር፤ የእንግሊዙ ወደ ፊት ይገፋል። ይህች ነዳጅ መስጫ ሳምንት ሙሉ አስጨነቀችው። ምሳ ላይ ሹካውን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ድንቹን ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ጭን ላይ ይጥለዋል።

የፈተናው ቀን ደረሰና እንግሊዛዊው አዛዥ ከነመኮንኖቹ ሜዳው ዳር ቆመ። ዜኖን ነዳጁን አንዴም አልተሳሳተ። ዞረ፣ ተገለበጠ፣ ቀና አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደ ላባ ወረደ። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ አወራረድ ወርዶ አያውቅም። የጎደለው ጎማ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ሣሩን እየላገ ከአዛዡ ጫማ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው መዘውር እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቅልሏል። መካኒኩ ኢግናሲ ሶሃ እየሮጠ መጥቶ ክንፉ ላይ በአንድ እርምጃ ወጣና ውስጥ የተቀመጠውን፣ ያኔ ገና መቶ አለቃ የነበረውን አለቃውን አየው።

«ጌታዬ መቶ አለቃ፣ ዛሬ መሰላል አላስፈለገኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ። አብራሪው ሊያርፍ ሲል በሬዲዮ «ጎማ ወርዷል» ይላል፤ ምድር ላይ ያለው ሰው «ወርዷል፣ ግባ» ብሎ ይመልሳል። ሶሃ ግን ሬዲዮ አያምንም። የእጅ ጋሪ ጎማ ነቅሎ፣ ዜኖን በተመለሰ ቁጥር ሜዳው ጫፍ ላይ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ይቆማል። ዝናብ ቢሆን ይቆማል፤ ቦምብ ቢወርድ ይቆማል። ዜኖን ሁለተኛ ያለ ጎማ አላረፈም። ቀኑን ሙሉ ሲተኮስበት ውሎ፣ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል፣ ያቺ «ወርዷል፣ ግባ» የምትል ድምፅ ጆሮው ስትደርስ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ። ታላላቆቹ መንግሥታት ካርታ ዘርግተው ሲከፋፈሉ ዜኖን የተወለደባት ከተማ ማንም ሳያማክረው ወደ ሌላ አገር ተዛወረች። እሱም እዚያው እንግሊዝ አገር፣ በአሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ በተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ፣ እንደሱ አገር ከሌላቸው ሰዎች ጋር ቀረ። ሦስት ዓመት ሆነው። በየበሩ «ጎማ ወርዷል» ይላል፤ የሚመልስለት የለም።

አሁን ዶሮና ዳክዬ የሚያረባ እንግሊዛዊ ገበሬ ዘንድ ተቀጥሯል። «ክንፍ እያላቸው የማይበሩ ፍጥረታት ጠባቂ ሆንኩ» ይላል። ሶሃ በበኩሉ የካምፑን ቢስክሌት ይጠግናል። ሁለቱ አሁን አንተ ይባባላሉ፤ ሶሃ «እርስዎ» የሚለው ሊሰድብ ሲፈልግ ብቻ ነው።

ፓኒ ሌኦካዲያ የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ባሏ ጣልያን አገር ሲዋጋ የወደቀባት፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ምላሷ ከክንዷ የባሰ ሴት ናት። ዜኖን ሁለት ዓመት ሙሉ ወዷታል። እሁድ እሁድ ይሄዳል፤ እጇን ይስማል፤ ይቀመጣል፤ አራተኛውን አውሮፕላን እንዴት እንደጣለ ያወራል፤ ተነስቶ ይሄዳል። አራተኛውን አውሮፕላን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነግሯታል። በሆዱ ያረፈባትን ቀን ግን አንዴም አላነሳት። ሴትዮዋ ሁልጊዜ መሳቅ ያለባት ቦታ ላይ ትስቃለች፤ ይህም ለአንድ ወንድ በቂ ምልክት መሆን ነበረበት።

በኅዳር መጀመሪያ ካናዳ ያለው ወንድሟ ወረቀቷን ጨርሶ ላከላት። ምሳ ሰዓት ላይ ጭልፋዋን እንደያዘች አዳራሹ መሃል ቆመች።

«ስሙ!» አለች። «በሚመጣው ሳምንት፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ ወደ ወደቡ በሚሄደው ካሚዮን እሄዳለሁ። እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር አለ የሚል ሰው ካለ እስከዚያ ይናገር።»

አዳራሹ በሙሉ ዜኖንን አየ። ዜኖን ድንቹን አየ።

«ሰማህ?» አለው ሶሃ በክርኑ ጎሸም አድርጎ።

«ምኑን?»

«ሴት ቆማ ከዚህ በላይ ምን ትበል? ከበሮ ትምታልህ?»

«እሁድ እነግራታለሁ።»

«አራተኛውን አውሮፕላን?»

ዜኖን ድንቹን ጨርሶ ተነሳ። ሲወጣ ግን ፓኒ ሌኦካዲያ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ሻምበል፣ እሁድ ምሳ እኔ ጋ ይብሉ። ዳክዬ ማግኘት ይችላሉ?»

«ለእርስዎማ ደርዘን!»

«አንድ ይበቃል። በሕይወት ያለ ይሁን።»

ዜኖን በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው። በሕይወት ያለ! አገር ጥላ የምትሄድ ሴት ዳክዬ ታረባለች? አታረባም። ስለዚህ አትሄድም ማለት ነው። ከመንጋው ወፍራሟን ነጭ ዳክዬ መረጠ፤ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ሪባን አሰረ፤ ዓርብ ዕለት በቢስክሌቱ ቅርጫት ይዞ አመጣት። ፓኒ ሌኦካዲያ ዳክዬዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ደረቷን ዳበስ ዳበስ አደረገችና «ጥሩ ናት» አለች። ዜኖን ይህን ፍቅር ነው ብሎ ተረጎመው።

እሁድ የማዕረግ ልብሱን ለብሶ፣ ጺሙን ሁለት ጊዜ ተላጭቶ፣ ሰባት አበባ ይዞ ወጣ። በአገሩ ልማድ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ቁጥር ለመቃብር ነው። መንገድ ላይ ንፋሱ አንዱን ሰበረበት፤ ስድስት ቀሩ። እንዲህ አድርጎ ሙሽራ ቤት አይኬድም። አንዱን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። አምስት። አረንጓዴው በር ፊት ቆመ፤ ካፖርቱን ጎተተ።

«ጎማ ወርዷል» አለ። ማንም አልመለሰም። አንኳኳ።

በሩ ሲከፈት እጇን ሊስም ጎንበስ ካለ በኋላ ደፍ መሃላቸው መሆኑን አየ። ደፍ ተሻግሮ የሚደረግ ሰላምታ ጠብ ያመጣል፤ ይህን የማያውቅ ፖላንዳዊ አልተወለደም። ስለዚህ እጇን ይዞ ወደ ውጭ፣ ወደ ንፋሱ ጎትቶ አወጣትና እዚያ ሳመላት።

«ሻምበል፣ ቤት ውስጥ እኮ እሳት አለ» አለች ሴትዮዋ፣ መሐረቧ እየተውለበለበ።

ተቀመጡ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ዜኖን ጥግ ጥጉን አየ፤ ከአልጋው ሥር አየ።

«ዳክዬዋ ደህና ናት?»

«አሁን ያገኟታል» አለች ፈገግ ብላ፣ ወደ ምድጃው ሄዳ በጎድጓዳ ሰሐን ሾርባ አመጣችለት። ፊቱ አስቀመጠችው። በእጇ የተዘረጋ ቀጭን ሊጥ አለበት፤ የደረቀ ፕሪም አለበት፤ ቀረፋና አቼቶ ይሸታል። መልኩ ጥቁር ነው። የዳክዬ ደም ነው ያጠቆረው።

እዚህ ላይ የዜኖንን አገር ሰው ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። እነሱ ዘንድ ልጅ ሊያጭ የመጣን ወንድ አንሰጥም ብሎ በአፍ መመለስ ነውር ነው። ዝም ብለው ጥቁር ሾርባ ያቀርቡለታል። ሰውየው ያያል፤ ማንኪያውን ያስቀምጣል፤ ባርኔጣውን አንስቶ ይወጣል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አጎቱ ቴዎፊል በሦስት ቤት ሦስት ጊዜ ቀርቦለት፣ ሦስቱንም ሳይቀምስ ወጥቶ፣ ሚስት ሳያገባ ነው የሞተው። ዜኖን ይህን ታሪክ በልጅነቱ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ አጥንቷል።

ዜኖን ሾርባውን አየ። እምቢ መባሉ ሳያንስ፣ በገዛ ዳክዬው! ሪባን አስሮ ባመጣት! ማንኪያውን በቀስታ አስቀመጠ።

«ፓኒ ሌኦካዲያ፣ አመሰግናለሁ። ገብቶኛል» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ሴትዮዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። «ምኑ ነው የገባው?» ብላ በሩን ጠየቀችው።

ያ ሳምንት ለሁለቱም የመከራ ሳምንት ሆነ። ዜኖን ሰው እንዳያየው ካምፑን በጀርባ በኩል መዞር ጀመረ። ፓኒ ሌኦካዲያ በተራዋ፣ ሁለት ቀን ቆማ የሠራችውን ሾርባ አይቶ እንደ መርዝ ለተጸየፈ ሰው ምን እንደሚገባው ታውቃለች። ሰኞ ከድስቱ ሥር ያረረውን ድንች ሰጠችው። ማክሰኞ ያረረውን ድንች ያለ ስጎ ሰጠችው። ረቡዕ ስጎውን ያለ ድንች ሰጠችው። «እምቢ አለችኝ፤ አሁን ደግሞ በረሃብ ልትጨርሰኝ ነው» አለ ዜኖን በልቡ፤ ለማንም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዜኖን ዝም ግን እስከ ዓርብ ድረስ ነቅዞ ዱቄቱ መርገፍ ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ካሚዮኑ ሲሄድ ላለማየት ወደ ገበሬው ሊሸሽ ፈለገና ቢስክሌቱን ሊወስድ ሶሃ ዘንድ መጣ። ቢስክሌቱ ተገልብጦ የፊት ጎማው ወልቋል።

«ሴትዮዋን አትሸኛትም?» አለው ሶሃ።

«እሷ እኔን ሸኝታኛለች። እሁድ ዕለት።»

«ምን ብላ?»

ዜኖን ግራ ቀኙን አየ። «ጥቁር ሾርባ ሰጠችኝ» አለ፤ ድምፁ ሰለለ።

የሶሃ መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ፕሪም ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«ቀረፋስ?»

«ይሸታል።»

«እና አልበላህም?!» ሶሃ ራሱን በቅባታም እጁ ያዘ። «እናንት የምሥራቅ ሰዎች ምን ይሻላችኋል! እኔና እሷ ከምዕራቡ፣ ከፖዝናን ወገን ነን! እኛ ዘንድ እሁድ ነው የሚበላው፤ በሠርግ ነው የሚበላው! አንጀታችን ለወደደው ሰው ነው የምንሠራው! ዳክዬዋን በሕይወቷ አምጣ ያለችህ ለደሙ ነው፤ እዚህ አገር ደም ከየት ይመጣል? እኔ ያን ሾርባ ከቀመስኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው! ዘጠኝ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለጓደኛው ይሁን ለሾርባው አይታወቅም።

«እኛ ዘንድ እኮ...»

«እናንተ ዘንድማ! ለመሆኑ ጠየቅሃት?»

«ምን ብዬ?»

«አግቢኝ ብለህ!»

ዜኖን አሰበ። ከልቡ አሰበ። አበባውን ያስታውሳል፤ ደፉን ያስታውሳል።

«አራተኛውን አውሮፕላን ልጀምርላት ስል ነው ሾርባው የመጣው» አለ።

ሶሃ መፍቻውን ከመሬት አነሳ። «ጌታዬ ሻምበል» አለ፣ «እምቢታን ጥያቄ ሳይቀድመው የሰማ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም። ዛሬም ያለ ጎማ አርፈዋል።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ሚስትማ እንዴት አይቀር! ከካምፑ በር በኩል የካሚዮኑ ጡሩምባ ጮኸ። ዜኖን ሮጠ። ቢስክሌት የለም፤ በእግሩ፣ በጭቃው፣ የዳክዬ ላባ የተጣበቀበትን ካፖርቱን እያውለበለበ ሮጠ።

ፓኒ ሌኦካዲያ ከሌሎች ተጓዦች ጋር ካሚዮኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋ እግሯ ሥር፣ ቅርጫቷ ጭኗ ላይ ነው። የካምፑ ሰው ሊሸኝ ወጥቷል። ዜኖን ከታች ቆሞ ተነፈሰ፤ ደግሞ ተነፈሰ።

«ፓኒ ሌኦካዲያ!»

«አቤት ሻምበል። መንገድ ጠፍቶዎት ነው?»

«ንፋሱ... ከምዕራብ ነው የሚነፍሰው። ለመርከብ ጥሩ አይደለም።»

«ይኸንን ሊነግሩኝ ነው የሮጡት?»

«አይደለም። ያ አራተኛው አውሮፕላን...»

የተሰበሰበው ሰው ባንድ ድምፅ አቃሰተ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ዜኖን አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ነገሩ ሁሉ ሊያመልጠው እንደሆነ እያየ አንዲት ቃል ማውጣት አልቻለም።

ያኔ ነው ከመንገዱ ጫፍ ሶሃን ያየው። አዛውንቱ መካኒክ እያለከለከ፣ እግሩን በጭቃው መሃል ከፍቶ፣ የቢስክሌቱን የፊት ጎማ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሟል።

ዜኖን ካፖርቱን ወደ ታች ጎተተ።

«ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለ። «እንግሊዝ አገር በፈተናዬ ቀን፣ አዛዡ ፊት፣ ጎማ ሳላወርድ በሆዴ አረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ወርዷል ሳልል የትም አልገባም። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ወርዷል፣ ግባ ይለኝ ነበር። አሁን ማንም አይለኝም። እኛ ዘንድ ጥቁር ሾርባ እምቢ ማለት ነው። ለዚህ ነው የሸሸሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወድጄዎታለሁ፤ ግማሽ አውሮፕላንና አንድ ካፖርት አለኝ፤ አገር የለኝም። አይሂዱ። ያግቡኝ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ፓኒ ሌኦካዲያ ከካሚዮኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሾርባዬን የተዉት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ቅርጫቷን ከፈተች። አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ አወጣች።

«ዳክዬ አልጥልም» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ውጭ ብርዱ ላይ አቆይቼ ለመንገድ ይዤው ነበር። ይብሉ።»

«አሁን?»

«አሁን። ጠብታ እንዳይቀር።»

ማንኪያ ወረደለት። ሻምበል ዜኖን ቱሬክ በካምፑ ሰው ሁሉ ፊት፣ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ቀዝቃዛውን ጥቁር ሾርባ መብላት ጀመረ። ከምሥራቅ የመጡ አንዲት አሮጊት አማተቡ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛውን አንድ ዓይኑን ከፍቶ ዋጠ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጠጡ። ጣፋጭ ነው፤ ጎምዛዛ ነው፤ ፕሪሙ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ማሰሮውን ገልብጦ ጠጣ፤ ዳርና ዳሩን በጣቱ ጠርጎ ላሰ።

«እንዴት ነው?» አለች።

«አጎቴ ቴዎፊል ጅል ነበር» አለ ዜኖን።

ካሚዮኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ፓኒ ሌኦካዲያ ግን አልሳቀችም። መሐረቧን አስተካክላ አሰረችና ሻንጣዋን ወደሱ አወረደችው።

«እኔ እምቢ ማለት ስፈልግ በአፌ ነው የምለው፤ ዳክዬ አላስቸግርም። ቀስ ብለው ይያዙት፤ ሰሐን አለበት።»

«ሴትዮ፣ ትሄጃለሽ አትሄጅም?» አለ ሹፌሩ።

«ለወንድሜ እጽፍለታለሁ» አለችና ዘላ ወረደች።

ሶሃ ጎማውን አሁንም አላወረደም ነበር። በአጠገቡ ሲያልፉ «ማሰሮው ውስጥ የቀረ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የለም። ሶሃ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ዜኖንን አኩርፎታል።

ፓኒ ሌኦካዲያ ቀድማ ገብታ እሳት መቆስቆስ ጀመረች። ዜኖን ሻንጣውን እንደያዘ አረንጓዴው በር ፊት ደረሰ። በሩ ክፍት ነው፤ ቢሆንም ቆመ። ካፖርቱን መጎተቻ እጅ አልነበረውም።

«ጎማ ወርዷል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ልማዱ።

ውስጥ የምድጃው ድምፅ ቆመ።

«ወርዷል» አለች ሌኦካዲያ። «ግባ።»

ዜኖን ደፉ ላይ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ጫማውን ጠርጎ ገባ።